ጎረቤታችን ጭፈራ ቤት ሆነ፤ ፈቃዱ ሲታደስ እኛን የሚጠይቅ አለ?

ይህን ውይይት የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 40 ሲያልፍ፣ መሃል ላይ የሚገባው ሰው ሁሉ ጉዳዩ ምን ነበር እያለ መጠየቅ ጀመረ። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች የተባለውን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ግማሹ በንዴት የተጻፈ ነው። ግማሹ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ የተጻፈ ነው፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነበር። እኔና እናቴ የምንኖረው አዳማ ነው። ከአጥራችን ማዶ ያለው ቤት ድሮ ምግብ ቤት ነበር። ቀን ጥብስ ጥብስ ይሸታል፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ቆይቶ ድራፍት ጀመረ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲጄ መጣ። አሁን ከሐሙስ እስከ እሁድ ጭፈራ ነው፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ዘግቶ መተኛት አይታሰብም። ቤዙ ሲመታ ቡፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተነካኩ ይንጫጫሉ። እማዬ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ እኛ ድረስ ሲሰማ ከሰነበተ ወዲህ፣ ያንን የብርጭቆ ድምፅ አትችለውም። ነጠላዋን ደርባ ትወጣና ግቢው መሃል ትቆማለች። የሙዚቃ ነው ብላት ገብቷታል፤ እግሯ ግን አይሰማትም፣ ይዟት ይወጣል።

በሁዳዴ 55 ቀን ጸጥ አለልን። ያበቃለት መስሎን ነበር። ፋሲካ ሲሆን የ55 ቀኑን ዕዳ በአንድ ሌሊት ከፈሉን።

ቤቱ ይዘጋልኝ አላልኩም። የጠየቅኩት፣ ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ሲታደስ ጎረቤት የሚጠየቅበት፣ የከተማው ምክር ቤትም ይሁን ሌላ አካል ሁለታችንን አስቀምጦ የሚሰማበት መንገድ አለ ወይ ነው። ካለ የት ነው? ከሌለስ ለምን?

መልስ 1 ለእማዬ ጤና ተመኘ። እግዜር ይስጠው። መልስ 2 ቀበሌ እንድሄድ መከረ። መልስ 3 በመልስ 2 ላይ ሳቀ፤ ቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማ ወደ ፖሊስ፣ ፖሊስ መልሶ ወደ ቀበሌ እንደሚልክ ጻፈ። እውነቱን ነው። እኔም ሦስት ቢሮ ዞሬአለሁ። ሦስተኛው ላይ ያገኘኋት ልጅ በጣም ትሑት ነበረች፤ የመጀመሪያውን ቢሮ ስልክ ቁጥር በጥሩ ጽሕፈት ጽፋ ሰጠችኝ።

መልስ 4 አረመኝ። ምክር ቤት ፈቃድ አይሰጥም፣ አያድስምም። ፈቃድ የንግድ ቢሮ ሥራ ነው፤ ምክር ቤቱ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል እንጂ ማኅተም አይመታም። ሕጉ አዋጅ 980/2008 እንደሆነ፣ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት እንደሚታደስ፣ ከዚያ ካለፈ ቅጣት እንዳለው ዘርዝሮ ጻፈ። ነጋዴው ሲያሳድስ በዋናነት የሚጠየቀው ግብር መክፈሉን ነው። አንዳንድ የሥራ መስኮች ላይ ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ አለ፤ ቤቱን መጥቶ የሚያይ ሰው ካለ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ጎረቤት የሚባል ነገር ግን ቅጹ ላይ የለም። ማመልከቻዬን በአፋን ኦሮሞ አጽፌ ባስገባ እንደሚፈጥንልኝም ጨመረበት፤ የቢሮው የሥራ ቋንቋ እሱ ነውና። ከዚህ ሁሉ መልስ በጣም የጠቀመኝ ይሄኛው ነው።

ከዚያ መልስ 5 መጣ። ከተማ ካልተመቸኝ ገጠር እንድገባ። አዳማ የምትኖረው በእንግዳ ነው፤ በስብሰባው፣ በሠርጉ፣ አርብ ማታ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ በሚወርደው መኪና። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው ሥራ ውሎ ለእራት ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ይተኛ ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ 6 እና 7 በእሱ ላይ ተረባረቡ፣ ስድቡን ልለፈው። መልስ 8 የሚደንስ ስቲከር ብቻ ለቀቀ።

መልስ 9 የጻፈችው በእንዲህ ያለ ቤት ማታ ማታ የምታስተናግድ ልጅ ናት። ከእኛ ጎረቤት አይደለም፣ ሌላ ሰፈር። ከሰው ሁሉ ረጋ ብላ የጻፈችው እሷ ናት። ቤት ሲታሸግ መጀመሪያ የምትራበው አስተናጋጇ መሆኗን አስታወሰችን፤ ደመወዟ ትንሽ ነው፣ የምትኖረው በጉርሻ ነው። ድምፁን የሚጨምረው ባለቤቱ ሳይሆን ዲጄውና የሞቀው ጠረጴዛ እንደሆነ፣ እሷም ቤቷ ገብታ ጆሮዋ እስኪነጋ እንደሚጮህባት ነገረችን። ደንብ የሚወጣ ከሆነ ስለ ሰዓት ብቻ እንዳይሆን ለመነች። በር ላይ መብራት ይኑር። የሴቶች ሽንት ቤት መቆለፊያ ይኑረው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሠራተኛ የሚሸኝ ባጃጅ ቤቱ ይክፈል። እኔ ስለ ብርጭቆ ሳወራ እሷ ስለ መቆለፊያ ነው የምታወራው። ትንሽ አፈርኩ።

መልስ 10 ወደ ልጆች ወሰደው። በሰፈሩ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቦርሳቸው ውስጥ ያደረጉ ልጆች ሲገቡ እንዳየ፣ ሕጉ ግን ከ18 ዓመት በታች እንደሚከለክል ጻፈ። መልስ 12 ወዲያው አረመው፤ በአዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የጠፋውም በዚሁ አዋጅ ነው። መልስ 13 መታወቂያ ማን ይጠይቃል ብሎ ተሳለቀ፤ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ራሱ 21 የሞላው አይመስልም አለ። አዋጁ ቤት ውስጥ ማጨስንም፣ ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ውስጥ ማጨስንም እንደሚከለክል አንዱ አነሳ። ስለ ሺሻ ማንም አላነሳም። ሁላችንም ዝም ብለን አለፍነው።

መልስ 14 ረጅም ነው። ለንደን የሚኖር፣ መጠጥ ቤት የሠራ የአዳማ ልጅ ነው። እንግሊዝ አገር ነገሩ በተቃራኒው መሆኑን አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ የመጠጥና የጭፈራ ቤት ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት ራሱ ነው። ፈቃዱ እንደኛ በየዓመቱ አይታደስም፤ አንዴ ከተሰጠ ይቀጥላል። ግን ማንም ነዋሪ ፈቃዱ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይችላል። አቤቱታው ከ4 ነገሮች በአንዱ ላይ መቆም አለበት፦ ወንጀልና ሁከት፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም የሚነሳ ረብሻ፣ የልጆች ጉዳት። መጠጥ አልወድም ማለት አቤቱታ አይደለም። ማስታወቂያው ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፣ ለ28 ቀን ደጋፊም ተቃዋሚም ይጽፋል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ 3 የምክር ቤት አባላት ተቀምጠው ጎረቤቱንም፣ ባለቤቱንም፣ ፖሊስንም ይሰማሉ።

እዚህ ላይ ነው ቀና ያልኩት። ሦስቱ ሰዎች ምርጫቸው ብዙ ነው። ምንም አለማድረግ ይችላሉ። አዲስ ግዴታ መጨመር ይችላሉ። ሙዚቃውን ብቻ ከፈቃዱ ማውጣት፣ መጠጡን የሚቆጣጠረውን ኃላፊ ማንሳት፣ እስከ 3 ወር ማገድ፣ በመጨረሻም መሰረዝ። ያልተስማማ በ21 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እኛ ጋ ግን ቤት ወይ ይሠራል ወይ ይታሸጋል። መሃል የለም። መሃል ስለሌለም ቢሮው ለማሸግ ይከብደዋል፣ ጎረቤትም እንጀራ ዘጋ እንዳይባል ዝም ይላል፣ ባለቤቱም እስኪታሸግ ድረስ ምንም እንዳልተባለ ይቆጥራል። ሐሙስ ደግሞ ዲጄው ይመጣል።

መልስ 15 ይህ የፈረንጅ ተረት ነው ብሎ አጣጣለው፤ እዚያም ቢሆን ሀብታም ቤት እንደማይዘጋ እርግጠኛ ነበር። የለንደኑ ልጅ በመልስ 16 ተመልሶ መጣ። በለንደን ፋብሪክ የሚባለውን ትልቅ የጭፈራ ቤት አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት የ18 ዓመት ወጣቶች ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ ከሞቱ በኋላ የኢዝሊንግተን ምክር ቤት ፈቃዱን ሰረዘ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ቤቱና ምክር ቤቱ ተስማሙ። 32 አዲስ ግዴታ ተጨመረበት፤ መታወቂያ በማሽን ማንበብ፣ ቅዳሜና እሁድን ከ19 ዓመት በታች አለማስገባት፣ ዕፅ የተገኘበትን ለዘላለም ማገድ። ከዚያ ተከፈተ።

መልስ 17 ስለ ከተማው ስም ነው። አንድ ጋሼ ሁልጊዜ ናዝሬት እያሉ ነው የሚጽፉት። በባቡሩ ዘመን ለገሃር አካባቢ የነበረችውን አንዲት ጠጅ ቤት አወሱ። ባለቤቷ ማታ ሲበቃት የብርሌ መያዣውን ትሪ በማንኪያ ትመታ ነበር፤ ያ ከተመታ በኋላ የሚቀር ጠጪ በማግስቱ አይቀዳለትም። ሦስት ሰው ስሙ አዳማ ነው ብሎ ተቆጣ፣ ከጉዳዩ ወጥተን ግማሽ ቀን ጠፋን። እኔ ግን ያቺን ትሪ ወደድኳት።

መልስ 19 ብሶት ነው። ጸሐፊው የመጠጥ ቤት ባለቤት ነው። ኪራይ በየጊዜው እንደሚጨመርበት፣ ግብር እንደሚከፍል፣ ሳይጠራ የሚመጣ ተቆጣጣሪ እንደማያጣ ዘረዘረ። በዚያ ላይ ጎረቤት ፊት አቁማችሁ ልታስፈርዱብኝ ነው ወይ የሚል ነው ነገሩ። አንድ ጥያቄው ግን ከባድ ነው። አቤቱታ በፊርማ የሚታይ ከሆነ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪ 20 ሰው አስፈርሞ ቢያዘጋውስ? ማንም በቅጡ አልመለሰለትም። እኔም አልመለስኩም። ቀጥሎ ቀድሞ የነበረው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ከተማው መሃል የሚኖር ሰው የከተማ ድምፅ መልመድ አለበት በሚል። ለዚህ የለንደኑ ልጅ መለሰ፤ በእንግሊዝ የግንባታ መመሪያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከቆየ ጭፈራ ቤት አጠገብ አዲስ መኖሪያ የሚሠራ ሰው ድምፅ መከላከያውን የሚያደርገው እሱ ነው። መርሁ በኋላ የመጣው ይቻል ነው። እኔም እማዬ ከ30 ዓመት በላይ እዚያ ግቢ እንደኖረች ጻፍኩ። ባለ መልስ 19 ለጥቂት ቀን ጠፋ።

ከ21 እስከ 26 ያለው ጥሩ አልነበረም። አንዱ፣ ስለ መጠጥ ቤት ካወራን ስለ ቤተ እምነት ድምፅ ማጉያም እናውራ አለ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ያዘ። አድሚኑ ሁለት መልስ አጠፋ፣ አንድ ሰው ለሳምንት አገደ። እንለፈው።

መልስ 27 የሠርግ ሳውንድ የሚሠራ ባለሙያ ነው፣ ቀልድ አያውቅም። ቆርቆሮ ጣሪያ ድምፅ እንደማይከለክል፣ ቤዝ ደግሞ ግድግዳ እንደማይበግረው አስረዳ። ሞንታርቦ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ወለሉ ራሱ ስፒከር ይሆናል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ከግድግዳው ማራቅ፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ማድረግ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ ማዞር። ድምፁ በ10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሮ በግማሽ ያህል የቀነሰ እንደሚመስልም ጻፈ። በስልክ አፕ የለካሁትን ቁጥር ማንም ቢሮ እንደማይቀበለኝም ሳያሳዝነኝ ነገረኝ።

መልስ 29 የሕግ ሰው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለቤት የሆነ ሰው ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና በላይ በጭስ፣ በሽታ፣ በድምፅ ወይም በንዝረት ማስቸገር እንደማይችል ጠቀሰ። ንዝረት የሚለው ቃል በግልጽ አለ፤ የብርጭቆዎቼ ጠበቃ ተገኘ ማለት ነው። የአካባቢ ብክለት አዋጁን፣ 300/1995ን፣ እና የድምፅ ደረጃውንም አስቀመጠ፦ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ ሰፈር 65 እና 55። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። ከዚያ መልስ 30 የኛ መንገድ መኖሪያ ነው ንግድ ብሎ ጠየቀ፣ እሱም ሌላ ጭቅጭቅ አስነሳ። ከታች ሱቅ ከላይ ቤተሰብ የሆነ ሰፈር ምን ይባላል?

መልስ 31 የእድር ሊቀ መንበር ናቸው። በሰፈራቸው ለቅሶ ቤት ድንኳን ተተክሎ ሳለ ከጎን ያለው ቤት ሙዚቃ ለቀቀ። ማመልከቻ አልጻፉም፤ ሦስት ሽማግሌ ይዘው ሄዱ። ባለቤቱ ሦስት ቀን ዘጋ፣ ለድንኳኑም ለስላሳ በሳጥን ላከ። እሳቸው ሽምግልናን ከቢሮ ያስበልጣሉ። መልስ 32 ደግሞ ሽማግሌ ልኮ ሽማግሌዎቹ ጠጥተው ተመለሱ። ይህም አለ።

መልስ 33 ድሮ ፈቃድ ክፍል ይሠራ የነበረ ሰው ነው። አንድ ቀላል ነገር ጠየቀኝ፤ ፈቃዱን አይቼው እንደማውቅ። ፈቃድ በሚታይ ቦታ መሰቀል አለበት። ብዙ ቤት በምግብ ቤት ፈቃድ ጭፈራ እንደሚያካሂድ፣ ከተፈቀደው መስክ ውጭ መሥራት ደግሞ ከድምፅ ይልቅ ለማስረዳት የሚቀል ጥፋት መሆኑን ጻፈ።

ማክሰኞ ማታ ሄድኩ። ሙዚቃ የለም። ለስላሳ አዘዝኩ። ፈቃዱ ከባንኮኒው ጀርባ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ግን ግማሹን የጂን ጠርሙሶች ጋርደውታል። ጎንበስ ብዬ ሳነብ ገንዘብ ተቀባይዋ ምን እንደጠፋብኝ ጠየቀችኝ። ሶኬት አልኳት። ስልኬን ተቀብላ ሰካችልኝ። ስለዚህ ባትሪው 80 በመቶ ሆኖ ሳለ 40 ደቂቃ ቁጭ አልኩ። የሥራ መስክ የሚለው ቦታ ላይ ምግብ ቤት ይላል።

ስልኬን ስጠብቅ ባለቤቱ መጣ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል። አጠገቤ ተቀመጠና መልስ 19 እሱ መሆኑን ነገረኝ። ምን እንደምል ጠፋኝ። ተነስቶ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ሁለቱ ሞንታርቦዎች ጀርባቸውን ለአጥራችን ሰጥተው፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር ቆመዋል። መልስ 27 መጥቶ ያየው ይመስላል። መልስ 27ን እሱም አንብቦታል፤ ጎማ ለማስገባት ተስማማ። ስለ ፈቃዱ ሳነሳ ግን ድምፁ ቀነሰ። ሐምሌ ላይ እንደሚያስተካክል ተናገረ። እኔም ሐምሌ ላይ ቢሮው አብረን እንድንሄድ ጠየቅኩት። እሺም እምቢም አላለም፤ ሒሳቤን እንዳልከፍል ብቻ ተከራከረኝ። ከፈልኩ።

ያ ሐሙስ ብርጭቆዎቹ አልተንጫጩም። አሮጌ የመኪና ጎማ ነው ያስገባው። የዲጄው ማይክ ግን እንዳለ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ልደት ይጠራል። 9 ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ በራችን ላይ ጩኸት አለ፤ እማዬ ያኔ ትነሳለች። ግቢ አትወጣም፣ አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች።

ከመልስ 36 በኋላ ያሉት በአብዛኛው እዚያው ቤት ጥብሱ እንዴት እንደሆነ ነው። መልስ 39፣ የመልስ 9ኛዋ ልጅ፣ የሽንት ቤት መቆለፊያውን አይቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሴቶቹን አላየሁም እህቴ፤ ገንዘብ ተቀባይዋን እጠይቅልሻለሁ። መልስ 43 ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የሚከራይ ሰርቪስ ካለ ዋጋውን እንድጽፍለት ጠየቀ፤ ሐሙስና አርብ ማታ በእግሩ መግባት ይፈልጋል።

የለም ወንድሜ፣ አናከራይም።